ፍየሏ ከፎቶው ቀድማ ስትገባ

ጥያቄ፦ በችግኝ ጣቢያችን አጥር ዙሪያ 3 ኢኤስፒ32 ካም (ካሜራ ያለው ትንሽ የኮምፒውተር ቦርድ) ተክለን እያንዳንዱን ኤክስቢ ከተባለው፣ ዚግቢ በሚሉት ገመድ አልባ ዘዴ ከሚሠራ ሬዲዮ ጋር አገናኝተናል። ካሜራው ፎቶ ይልካል፤ ቢሮ ያለው ኮምፒውተር ፍየል መግባቷን ይለያል። ግን አንድ ፎቶ ለመድረስ ከ12 ሰከንድ በላይ ይፈጃል፤ አንዳንዱም ግማሹ ግራጫ ሆኖ ይመጣል። ሬዲዮው በሰከንድ 250 ኪሎቢት ያስተላልፋል ተብለን ነበር።

መልስ፦ 12 ሰከንዱ ራሱ ጥፋተኛውን ይጠቁማል። ኤክስቢ ከፋብሪካ ሲወጣ ከቦርዱ ጋር በሽቦ የሚነጋገርበት ፍጥነት በሰከንድ 9600 ቢት ነው። 12,000 ባይት ፎቶ፣ ለአንድ ባይት 10 ቢት ሲታሰብ፣ 120,000 ቢት ነው፤ ለ9600 ሲካፈል 12.5 ሰከንድ። ይህን ፍጥነት የሚወስነውን፣ ቢዲ የሚባለውን የሬዲዮ ቅንብር ከ3 ወደ 7 ቀይሩ፣ በኮዱም 115200 አድርጉ፤ ሽቦውን በ1 ሰከንድ ገደማ ያልፋል። ሬዲዮው ቦርዱን «ቆይ» የሚልበትን የሲቲኤስ ሽቦም አገናኙ፤ አለበለዚያ የሬዲዮው ማቆያ ሞልቶ ባይት ይፈሳል።

አየር ላይ ግን ሌላ ወረፋ አለ። 250 ኪሎቢት ጥሬ ፍጥነቱ ነው። ሬዲዮው በአንዴ የሚልከው እሽግ (ፓኬት) ቢበዛ 127 ባይት ነው፤ አድራሻውና መቆጣጠሪያው ሲቀነስ ለፎቶው 80 ያህል ይተርፋል። ስለዚህ አንድ ፎቶ 150 ፓኬት ይሆናል። አንዱ ከጠፋ የፎቶው ፋይል (ጄፔጉ) ከዚያ ወዲያ ይበላሻል፤ ግራጫው ይኸው ነው። መሀል ላይ አስተላላፊ ሬዲዮ ካለ ያው ቻናል ሁለቴ ስለሚያዝ ፍጥነቱ በግማሽ ይወርዳል።

ስለዚህ ፎቶ መላኩን ተዉትና ፍየሏን ካሜራው ራሱ ይለያት። ኤጅ ኢምፐልስ ያዘጋጀው ፎሞ የተባለ፣ በምስል ውስጥ ነገሮችን የሚለይ ትንሽ ሞዴል በ96 በ96 ፒክስል ግራጫ ምስል እዚያው ቦርዱ ላይ ይሠራል፤ የእንስሳዋን ዙሪያ አይከብም፣ መሀሏን ብቻ ይነግራችኋል። ለእናንተ ይበቃል። የሚላከው የካሜራ ቁጥር፣ የእንስሳው ዓይነት፣ ሁለት መገኛ ነጥቦች፣ የእርግጠኝነት መጠን፣ ተራ ቁጥርና ሰዓት ነው፤ በድምሩ 10 ባይት። ይህ በ9600 እንኳ ዓይን እስኪጨፈን አይቆይም።

ሰው የሚዘነጋው ርቀቱን ነው። የካሜራው እይታ 65 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ 20 ሜትር ላይ 25 ሜትር ስፋት ያያል። 1 ሜትር የምትረዝም ፍየል ያኔ 4 ፒክስል ብቻ ናት፤ ከድንጋይ አትለይም። 5 ሜትር ላይ 15 ፒክስል ትሆናለች። ካሜራዎቹን ወደ መግቢያ ክፍተቶቹ አስጠጓቸው። የማሠልጠኛ ፎቶ በዚያው ካሜራ፣ በዚያው ቦታ፣ ጠዋትም ቀትርም አመሻሽም አንሡ፤ ባዶ አጥር ያለበትም ይጨመር፤ ያለዚያ ጥላው ሁሉ ፍየል ይሆናል። ከ3 ተከታታይ ምስሎች 2ቱ ሲስማሙ ብቻ ደወል ይደወል።

አንድ ነገር፦ ሬዲዮውን ፒን 16 ላይ አትሰኩ። ሰሌዳው ላይ የመቀበያ ምልክት ቢኖረውም የተጨማሪ ማህደረ ትውስታው መስመር ነውና ቦርዱ ሥራ ያቆማል። የማስታወሻ ካርድ ካልተጠቀማችሁ 13 እና 14 ነፃ ናቸው።

ጥያቄ፦ የእኔ ኢኤስፒ32 ካም በዋይፋይ መላክ ሲጀምር «ብራውንአውት» (ቮልቴጅ አነሰ) የሚል ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ጠፍቶ እንደገና ይነሣል።

መልስ፦ ኮዱ ላይ አይድከሙ፤ ዋይፋይ ሲነሣ የሚስበው ኃይል ቮልቴጁን ያወርደዋል። በ3.3 ሳይሆን በ5 ቮልት ፒን፣ 2 አምፔር ከሚሰጥ ምንጭ፣ በአጭርና ወፍራም ሽቦ ይመግቡት። 470 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ከቦርዱ ሥር ይበየድ። ማስጠንቀቂያውን በኮድ ማጥፋት የተለመደ ምክር ነው፤ ቦርዱ ግን እንደተራበ ይቀራል፣ ምስሉም በመስመር ይሸነታተራል።