የሩሲያ ገበሬ የ49 ዓመት ዕዳ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ (ከድሬዳዋ፣ ሳቢያን)፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። ለታሪክ ፈተና የምትዘጋጅ ልጄ የሩሲያ ሰርፎች (በባለርስት ሥር የታሰሩ ገበሬዎች) በ1861 ነፃ ወጡ ትለኛለች። ሌላ ቦታ ደግሞ እስከ 1906 መጨረሻ ለመሬታቸው ሲከፍሉ ነበር ተብሎ አነበብኩ። ነፃ ከወጡ የምን ክፍያ ነው? ሂሳቡስ እንዴት ነበር?

መልስ፦ ሁለቱም ልክ ነው፤ ዓመታቱም በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ አሌክሳንደር የነፃነቱን አዋጅ ሲፈርም ከ20 ሚሊዮን በላይ የባለርስት ሰርፎች መሸጥ መለወጣቸው ቀረ። ያለ ጌታ ፈቃድ ማግባት፣ ንብረት ማፍራት፣ መነገድ፣ ፍርድ ቤት መቆም ቻሉ። መሬቱ ግን የባለርስቱ ነው ተባለ። ክፍያው የመጣው ከዚህ ነው።

መጀመሪያ ለሁለት ዓመት የቀድሞው ግብርና የጉልበት ሥራ እንዳለ ቀጠለ። በዚህ ጊዜ ገበሬው ምን ያህል መሬት እንደሚይዝና ምን እንደሚከፍል የሚዘረዝር ሰነድ ይዘጋጃል፤ አዘጋጁ ባለርስቱ፣ አጽዳቂው ከመኳንንቱ የተሾመ አስታራቂ ዳኛ ነው። ገበሬዎቹ አንፈርምም ቢሉም ሰነዱ ይጸናል።

ቀጥሎ የቤዛው፣ ማለትም ገበሬው መሬቱን የራሱ ለማድረግ የሚከፍለው ገንዘብ፣ ሂሳብ ነው። መነሻው የመሬቱ የገበያ ዋጋ ሳይሆን በአንድ ወንድ የሚታሰበው ዓመታዊ ግብር ነበር። ግብሩ እንደ 6 በመቶ ወለድ ተቆጥሮ ዋናው ገንዘብ ይሰላል። ለምሳሌ 9 ሩብል ግብር 150 ሩብል ዋጋ ይሰጣል። ሙሉ ድርሻ ከተወሰደ መንግሥት 80 በመቶውን፣ ማለትም 120 ሩብል፣ ለባለርስቱ በቦንድ ይከፍላል፤ የባንክ ዕዳ ካለበት ከዚያው ይቀነስበታል። ቀሪውን 30 ገበሬው ለባለርስቱ ይሰጣል። ባለርስቱ ገበሬውን ሳያስማማ ቤዛውን ከጠየቀ ግን ይህችን 30 ያጣታል። ለመንግሥት ደግሞ ገበሬው በየዓመቱ 7 ሩብል ከ20 ኮፔክ ለ49 ዓመት ይከፍላል። ድምሩ ከ30ው ጋር 382 ሩብል ከ80 ኮፔክ! በ150 ለተተመነ መሬት።

ወለዱ ከባድ ቢሆንም ዋናው በደል መነሻው ላይ ነው። አፈሩ ለም ባልሆነበት በሰሜን ብዙው ገበሬ ግብሩን የሚከፍለው ከአዝመራ ሳይሆን ከተማ ወርዶ በአናጺነትና በጋሪ ነጂነት ከሚያገኘው ነበር። ስለዚህ በመሬት ስም የገዛ ጉልበቱን ዋጋ ከፈለ። ጥቁር አፈር ባለበት በደቡብ ደግሞ ባለርስቶች ከሕጉ ጣሪያ በላይ ነው ያሉትን የገበሬ ይዞታ ቆርጠው ወሰዱ። የግጦሽ ሜዳው፣ ጫካው፣ ወደ ውኃ የሚወስደው መንገድ አብሮ ሄደ። ላሙን የሚያሰማራበት ያጣ ገበሬም ተመልሶ የባለርስቱን ማሳ አረሰ።

ለዕዳው ተጠያቂው መንደሩ በጋራ ነበር፤ አንዱ ካልከፈለ ጎረቤቶቹ ይሸፍናሉ። ስለዚህ መንደሩ ከፋይ እንዳያመልጠው ይጠብቃል፣ የመውጫ ወረቀትም በቀላሉ አይሰጥም። ከ1905ቱ አብዮት በኋላ ክፍያው ለ1906 በግማሽ ተቀነሰ፤ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1907 ጀምሮ ጨርሶ ቀረ።

ጥያቄ (ከሐረር፣ ጀጎል)፦ መሬት በነፃ ያገኘ አልነበረም? የቤት አሽከሮችስ?

መልስ፦ ባለርስቱ ከተስማማ የከፍተኛውን ድርሻ ሩብ ያለ ክፍያ መውሰድ ይቻል ነበር። የመሬት ኪራይ ርካሽ በነበረበት አካባቢ አዋጭ መስሎ ብዙዎች ወሰዱት። ኪራዩ ሲወደድና ቤተሰቡ ሲበዛ ሩቡ አላበላቸውም። ወጥ ቤቶች፣ ባልደራሶችና ሌሎች የቤት አሽከሮች ሁለት ዓመት አገልግለው ባዶ እጃቸውን ወጡ።

ጥያቄ (ከሐረር)፦ አባቴ እዚሁ ሐረርጌ ጭሰኛ ነበር። የኛው የመሬት ላራሹ አዋጅ ከዚህ ጋር ይመሳሰላል?

መልስ፦ በቀኑ፣ አዎ! የሩሲያው የተፈረመበት ዕለት በእኛ አቆጣጠር የካቲት 25 ቀን 1853 ነው፤ የደርግ የገጠር መሬት አዋጅም የካቲት 25 ቀን 1967። አጋጣሚ ነው እንጂ ይዘታቸው ለየቅል ነው። በአዋጅ ቁጥር 31 ለባለመሬቱ ስለ መሬቱ ካሳ አልተከፈለም፤ ካሳ የታሰበው ለተንቀሳቃሽ ንብረትና በመሬቱ ላይ ለነበሩ ቋሚ ሥራዎች ብቻ ነው። መሬት የሕዝብ የጋራ ሀብት ሆነ፣ የአንድ ቤተሰብ ይዞታ ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ተወሰነ፣ መሸጥም ተከለከለ። አባትዎም ለባለመሬቱ የሚከፍሉት ኪራይና የነበረባቸው ዕዳ በዚያው አዋጅ ቀርቶላቸዋል።