ተርሚናሉ ምን አለህ? የቅዳሜ ማታ ጥያቄና መልስ

ስለ ኮድና ተርሚናል (ለኮምፒውተሩ በጽሑፍ ትዕዛዝ የምንሰጥበት መስኮት) ያስቸገራችሁን ላኩልኝ ባልኩ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከጠበቅሁት በላይ ጎረፈ። የተደጋገሙትን አንድ ላይ አድርጌያለሁ። ትዕዛዞቹን እንደሚነበቡት በፊደላችን ነው የጻፍኳቸው፤ እናንተ ስትሰጧቸው በላቲን ነው። የኮድን ለውጥ በታሪክ የሚይዘውን ፕሮግራም በግዕዝ «ጊት» ብላችሁ ብትጽፉማ «እንዲህ ያለ ትዕዛዝ የለም» ብሎ ይሸኛችኋል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የሦስት ቀን ሥራዬ ጠፋ። ጊት ሪሴት ሃርድ የሚል ነገር የሆነ ቦታ አይቼ ሞከርኩት። አራት ኮሚቶች (ጊት ላይ ያስቀመጥኳቸው የሥራዬ ቅጂዎች) ታሪኩ ላይ የሉም። አለቃዬ ሰኞ ጠዋት ሊያየው ነው።

መልስ፦ መጀመሪያ እጅህን ከኪቦርዱ አንሳ። ሰው ሥራውን የሚያጠፋው በመጀመሪያው ስህተት ሳይሆን ያንን ለማረም ተደናግጦ በሚሰጣቸው አምስት ትዕዛዞች ነው። ኮሚት ያደረግከው አልጠፋም። ሪሴት ያደረገው የቅርንጫፉን (የኮሚቶቹን ሰንሰለት) ጠቋሚ ወደ ኋላ መጎተት ብቻ ነው፤ አራቱ ኮሚቶች ዲስኩ ላይ ናቸው፣ የሚጠራቸው ስም ነው ያጡት።

ጊት ሪፍሎግ በል። ጠቋሚው ያረፈባቸው ቦታዎች ከአዲሱ ወደ አሮጌው ይዘረዘራሉ። ላይኛው መስመር ሪሴቱ ነው፤ ከሥሩ ያለው የመጨረሻ ኮሚትህ መሆን አለበት። በዚያ መስመር መጀመሪያ ላይ ያለውን አጭር የቁጥርና የፊደል ድብልቅ ቅዳ። ከዚያ ጊት ብራንች፣ ቀጥሎ አዲስ ስም፣ ቀጥሎ የቀዳኸው። ስሙን «ማዳኛ» በለው፤ በነገራችን ላይ ይሄ በአማርኛ ፊደልም ይሠራል። ሁለተኛ ሪሴት አትሞክር። አዲስ ቅርንጫፍ መክፈት ምንም አያበላሽም።

የትኛውም ቅርንጫፍ የማይደርስባቸው ኮሚቶች ሪፍሎግ ላይ የሚቆዩት፣ ቅንብሩን ካልነካህ፣ 30 ቀን ነው። ስለዚህ ጊዜ አለህ። ኮሚት ያላደረግከው ለውጥ ካለ ግን ነገሩ ይከብዳል። ጊት አድ ብለኸው (ለኮሚት አዘጋጅተኸው) ከነበረ ጊት ኤፍኤስሲኬን «ሎስት ፋውንድ» ከሚለው አማራጭ ጋር ስጠው፤ ይዘቱን ያለ ፋይል ስም ያወጣልሃል፣ አንድ በአንድ እየከፈትክ መለየት ነው። አድም ካላልከው ጊት አይቶት አያውቅም። ያኔ ተስፋህ ኤዲተርህ (ኮድ የምትጽፍበት ፕሮግራም) ነው፦ ቪኤስ ኮድ «ታይምላይን» በሚለው ሥር ሴቭ ያደረግካቸውን ቅጂዎች ያስቀምጣል።

ጥያቄ፦ (ያው ልጅ፣ ከ10 ደቂቃ በኋላ) ጋሼ አራቱም አሉ! እግዜር ይስጥልኝ!

መልስ፦ እሰይ! አሁን ፑሽ አድርገውና (ወደ ሰርቨሩ ላከውና) ተኛ።

ጥያቄ፦ ምን እንደተቀየረ ለማየት ጊት ስታተስ ስል የአማርኛ ስም ያላቸው ፋይሎቼ «341 210 260» እያለ በቁጥር ይደረደራሉ። ፋይሎቹ ተበላሽተው ነው?

መልስ፦ ደህና ናቸው። ያ «ሰ» ነው። ፊደል በባይት (ኮምፒውተሩ በሚያስቀምጣቸው ትንንሽ ቁጥሮች) በሚጻፍበት ደንብ፣ በዩቲኤፍ 8 ላይ፣ እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ ጊት ደግሞ ከእንግሊዝኛው ፊደል ውጪ ያለውን ባይት በስምንት ቤት ቁጥር (ከ0 እስከ 7 ባሉ አሃዞች ብቻ) መጻፍ ይወዳል። ጊት ኮንፊግ፣ ግሎባል ብለህ «ኮር ነጥብ ኮትፓዝ» የሚለውን «ፎልስ» አድርገው፤ ስሞቹ ተመልሰው ይነበባሉ። 341 የምትለዋን ግን ያዛት፤ የአማርኛ ፊደል ሁሉ የሚጀምረው በሷ ነው፣ ከታችም ትመጣለች።

ጥያቄ፦ በፓይተን ኮድ ያወጣሁት ሲኤስቪ (የሠንጠረዥ ጽሑፍ ፋይል) ኤክሴል ላይ ሲከፈት አማርኛው ሁሉ አናቷ ላይ ጭረት ያለባት የላቲን ኤ እየደጋገመ ዝብርቅርቅ ይላል።

መልስ፦ ይኸውላችሁ 341 መጣች። ኤክሴል ፋይሉ ዩቲኤፍ 8 መሆኑን የሚነግረው ስላጣ በዊንዶውስ የድሮ የምዕራብ አውሮፓ ሰንጠረዥ አነበበው፤ እዚያ ሰንጠረዥ ላይ 341 ባለ ጭረቷ ኤ ናት። ለዚያ ነው በየፊደሉ የምትደጋገመው። ፓይተን ውስጥ ፋይሉን ለመጻፍ ስትከፍቺ ኢንኮዲንጉን (የፊደል ደንቡን) «ዩቲኤፍ ሰረዝ 8 ሰረዝ ሲግ» በይው። ከፊት 3 ባይት ምልክት ይጨምራል፣ ኤክሴልም ይገባዋል። አንድ አደራ፦ ዝብርቅርቁን ኤክሴል ላይ እያየሽ ሴቭ እንዳታደርጊው።

ጥያቄ፦ የስም ዝርዝር ውስጥ ሐን ወደ ሀ ለመቀየር ሊኑክስ ላይ «ቲአር» የምትለዋን ትዕዛዝ ተጠቀምኩ። ሐ ተቀየረ፣ ግን «ነው» የሚለው ሁሉ «ኀው» ሆነ። ቫይረስ ይሆን?

መልስ፦ ቫይረስስ አይደለም፤ ከዛሬ ጥያቄዎች ሁሉ የወደድኩት ግን ይሄን ነው። ሊኑክስ ላይ ያለችው ቲአር ፊደል አታውቅም፤ የምታውቀው ባይት ነው። ሐ 341፣ 210፣ 220 ነው። ሀ ደግሞ 341፣ 210፣ 200። ሁለቱን ስታስተያያቸው ልዩነቱ መጨረሻው ላይ ብቻ ነው፤ እሷም «220 ያለበትን ሁሉ 200 አድርጊ» ማለትህ መሰላት። ነ ደግሞ 341፣ 212፣ 220 ነው። መጨረሻው ወደ 200 ሲለወጥ ኀ ይሆናል። ያ ፋይል ውስጥ «ጐንደር» በጐ ተጽፎ ከነበረ አሁን «ጀንደር» ሆኖልሃል፤ ሂድና እየው።

ኦርጅናሉ ካለህ ከሱ ጀምር፤ ከተበላሸው ለመመለስ አትሞክር፣ የትኛው ኀ ቀድሞ ነ እንደነበር የሚነግርህ የለም። ለዚህ ሥራ ሴድ የሚባለው ጽሑፍ የሚያርም ትዕዛዝ ይሻላል። ዋይ የምትለዋን የላቲን ፊደል አስቀድመህ በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ /ሐሑሒሓሔሕሖ/ሀሁሂሀሄህሆ/ ብለህ ስጠው። ቀጥሎ የኀን ዘር፣ ሠን፣ ዐን፣ ፀን እንዲሁ። ሃን ወደ ሀ፣ ኣን ወደ አ ማምጣትም አትርሳ። ሴድ ፊደልን እንደ ፊደል የሚያየው ሎኬሉ (የሲስተሙ የቋንቋና የፊደል ቅንብር) ዩቲኤፍ 8 ሲሆን ስለሆነ መጀመሪያ «ሎኬል» ብለህ አረጋግጥ።

ግን ለምን ስሙን ራሱ ትቀይራለህ? «ኃይሉ» ብሎ የሚጽፍ ሰው «ሀይሉ» ተብሎ መታወቂያ ሲወጣለት አይወድም። የተስተካከለውን በሌላ ዓምድ አስቀምጠውና ፍለጋውን በሱ ላይ አድርግ፤ ለሰው የሚታየው ባለቤቱ እንደጻፈው ይቆይ።

ጥያቄ፦ ባክአፕ ማታ 2 ሰዓት እንዲነሳ ክሮን (ሥራን በሰዓቱ የሚያስነሳው ፕሮግራም) ላይ ሰዓቱን 2 አድርጌ ጻፍኩ። የሚነሳው ግን ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ነው።

መልስ፦ ሁለት ዓይነት የሰዓት አቆጣጠር ተጋጭቶብሃል። ሰርቨርህ ያለው ዩቲሲ (ዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ላይ ነው፤ አዲስ አበባ ከሱ 3 ሰዓት ትቀድማለች። የሱ 2 ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር የእኛ ንጋት 5፣ በእኛ አነጋገር ሌሊት 11 ነው። የፈለግከው ማታ 2 ሰዓት በፈረንጅ 20 ነው፤ 3 ቀንስና 17 ብለህ ጻፍ። የሰርቨሩን የሰዓት ቀጠና ወደ አዲስ አበባ መቀየርም ይቻላል፣ እኔ ግን ሰርቨር ዩቲሲ ላይ እንዲቆይ እመርጣለሁ፤ ሎጎችን (የማሽኑን የሥራ መዝገቦች) ከሌላ አገር ካለ ማሽን ጋር ስታስተያይ ትገላገላለህ። ከክሮኑ መስመር በላይ በኮሜንት «ማታ 2፣ በእኛ» ብለህ ጻፍበት። እኔ ሳልጽፍ ቀርቼ ከስድስት ወር በኋላ የራሴን 17 ስህተት ነው ብዬ «አስተካክዬዋለሁ»።

ጥያቄ፦ ፐርሚሽን ዲናይድ (ፈቃድ የለህም) ባለኝ ቁጥር ሱዶ ቺሞድ 777 እላለሁ፤ ለማንም ሰው ሁሉንም ፈቃድ የሚሰጠውን። ችግር አለው?

መልስ፦ የቤትህን በር ቁልፉ ስላስቸገረህ ነቅለህ እንደመጣል ነው። ስክሪፕት ለማስነሳት «ቺሞድ ዩ ፕላስ ኤክስ» ይበቃል። የኤስኤስኤች (ወደ ሌላ ማሽን በርቀት የሚያስገባው ፕሮግራም) የግል ቁልፍህን 777 ካደረግከው ደግሞ ኤስኤስኤች ራሱ «ይሄ ለሁሉም ክፍት ነው» ብሎ አልጠቀምበትም ይልሃል። እሱን 600 አድርገው፤ አንተ ብቻ እንድታነበውና እንድትጽፍበት።

ጥያቄ፦ ቪም የሚባለው የተርሚናል ኤዲተር ውስጥ ገባሁ፣ መውጣት አልቻልኩም።

መልስ፦ ኤስኬፕ፣ ሁለት ነጥብ፣ ኪው፣ ቃለ አጋኖ፣ ኢንተር። ይህንን የጠየቁኝ ዛሬ ብቻ አምስት ናቸው፤ አትፈሪ።

ጥያቄ፦ ትልቅ ሪፖ (የአንድ ፕሮጀክት ኮድ ከነታሪኩ) ክሎን ሳደርግ፣ ማለትም ሳወርድ፣ 80 ከመቶ ላይ መብራት ይጠፋል፣ ከዚያ ከዜሮ ይጀምራል። ዳታዬን ጨረሰው።

መልስ፦ ጊት ክሎን ከተቋረጠበት አይቀጥልም። «ዴፕዝ 1» የሚለውን ጨምርበት፤ ታሪኩን ትቶ የመጨረሻውን ቅጂ ብቻ ያወርዳል፣ ብዙውን ጊዜ በጣም ያንሳል። ታሪኩ ሲያስፈልግህ፣ መብራትም ኔትወርክም ደህና በሆነበት ሌሊት፣ ጊት ፌች ከ«አንሻሎው» ጋር በል። ተራ ፋይል ከሆነ የምታወርደው ደብሊውጌት የሚባለው ማውረጃ ትዕዛዝ ከሲ አማራጩ ጋር ካቆመበት ይቀጥላል፣ ሰርቨሩ ከፈቀደ።

ጥያቄ፦ ለደንበኞቼ የምልከው የአማርኛ ኤስኤምኤስ 75 ፊደል ብቻ ሆኖ የሁለት ይከፈልበታል። በእንግሊዝኛ ስልከው አንድ ነው።

መልስ፦ አልተጭበረበርክም። አንድ ኤስኤምኤስ በእንግሊዝኛ 160 ፊደል ይይዛል፣ አማርኛ ሲሆን 70። ከዚያ ካለፈ ለመገጣጠሚያ ተቀንሶ በየ67 ይቆረጣል። ክፍት ቦታም ይቆጠራል። «ውድ ደንበኛችን» የሚለውን ብቻ ብታወጣው 9 ይቀነስልሃል፣ 66 ይሆናል።