የድሮ የዝናብ መዝገብ ለምን ይፈለጋል? ለወጣት የሜትሮሎጂ ባለሙያዎች

ልጆቼ፣

በቅርቡ አንዲት የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ እንዲህ ብላ ጻፈችልኝ፦ «ከሳተላይት የተገኘው የዝናብ መረጃ እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ ኮምፒውተሬ ላይ አለ። ከዚያ በፊት በየጣቢያው በእጅ የተጻፈውን መዝገብ መፈለግ ጊዜ ማባከን አይሆንብኝም ወይ?» ልጅቷ ጎበዝ ናት፤ ጥያቄዋም የቅን ልብ ጥያቄ ነው። እኔን ግን የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ። መልስ ልጽፍላት ስቀመጥ ሁለት ሰዎች ድቅን አሉብኝ፤ አንዱ በጽሑፍ ብቻ የማውቀው እንግሊዛዊ፣ ሌላው የወሎ መምህር።

እንግሊዛዊው ጊልበርት ዎከር ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1868 ተወለደ፤ ካምብሪጅ ውስጥ ሒሳብ ተማረ። ቡመራንግ መወርወርና ዋሽንት ይወድ ነበር። በ1904 የሕንድን የሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤት ምራ ተብሎ ሲሾም የአየር ጠባይ ትምህርት አልነበረውም። የጠበቀው ሥራ ግን የሕዝብ ነፍስ ያለበት ነበር። ሕንድ በ1877 እና በ1899 ዝናብ ቀርቶባት በረሃብ ብዙ ሕዝብ አልቆባታል። ከእሱ በፊት ሄንሪ ብላንፎርድ የሂማላያን በረዶ እያየ ዝናቡን ለመተንበይ ሞክሮ ነበር፤ አልፎ አልፎ ተሳክቶለታል፤ አስተማማኝ ግን አልሆነም።

ዎከር መልሱን ሕንድ ውስጥ ብቻ አልፈለገም። ከደቡብ አሜሪካ፣ ከአውስትራሊያና ከፓስፊክ ደሴቶች የግፊት፣ የሙቀትና የዝናብ መዝገብ አሰባሰበ። ሕንዳውያን ጸሐፊዎች ቁጥሩን እያሰሉለት የአንዱን ቦታ ከሌላው ጋር አዛመደ። በዚህ መንገድ ነው በፓስፊክ የአየር ግፊት ከፍ ሲል በሕንድ ውቅያኖስ በኩል ዝቅ እንደሚል፣ ደግሞም ተገላቢጦሹ እንደሚሆን የደረሰበት። በ1924 «ሳውዘርን ኦሲሌሽን»፣ ማለትም የደቡብ ውዝዋዜ ብሎ ሰየመው።

እኔን የሚያንገበግበኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። በ1932 ዎከርና የሥራ ባልደረባው ብሊስ ይህን ውዝዋዜ የሚለካ ቀመር አወጡ። በሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ ግድም ለሚውለው ወቅት ከሳንቲያጎና ከሆኖሉሉ ግፊት፣ ከሕንድ ዝናብ ጎን የናይል ሙላት ተቀምጧል። ግብፅ ከሚደርሰው የናይል ውሃ 85 በመቶ ገደማው ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርድ ነው። እንግዲህ በዎከር ቀመር ውስጥ ያለው የእኛ ክረምት ነው። የተለካው ግን እዚያ ታች፣ ግብፅ ውስጥ ነው፤ ደጋችን ላይ ያን የሚያህል ዘመን ያስቆጠረ የጣቢያ መረብ አልነበረንማ።

ወሎ ውስጥ የለኩት መምህር ደግሞ እነሆ። በደርግ ጊዜ፣ ገና ወጣት ሳለሁ፣ በየጣቢያው እየዞርኩ መሣሪያ አያለሁ፣ መዝገብ እሰበስባለሁ። አንድ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ የዝናብ መለኪያ ነበረ። መምህሩ ጠዋት 3 ሰዓት ሲሆን ክፍሉን ለአለቃው አስረክበው ይወጣሉ። ውሃውን ወደ መለኪያው ብርጭቆ ይገለብጣሉ፣ ጎንበስ ብለው ዓይናቸውን ከውሃው ልክ ያስተካክላሉ፣ ያነባሉ፣ ይጽፋሉ። በኅዳጉ ላይም አንድ ሁለት ቃል ይጨምራሉ፦ «በረዶ ጣለ፣ ባቄላው ተጎዳ»፤ «ዳመና ብቻ»፤ «ገበሬው ጤፍ ለመዝራት እየጠበቀ ነው»። ቤታቸው ወስደው ሽሮ አብልተውኛል፤ ባለቤታቸው «ሰማይ ሲያይ ቡናው ይቀዘቅዝበታል» ብለው ሲያሟቸው ሁላችንም ሳቅን።

በእኛ አቆጣጠር የ1976ን ክረምት ገጾች ያሳዩኝ ያን ዕለት ነው። ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ። እያንዳንዱ ዜሮ በጥንቃቄ የተጻፈ። ብዙ ታዛቢ ዝናብ ከሌለ ቦታውን ባዶ ይተወዋል፤ ባዶ ቦታ ደግሞ «አልዘነበም» ይሁን «አልለካሁም» ማንም አያውቅም። ለምን ባዶ እንዳልተዉት ስጠይቃቸው «ልጄ፣ ያልዘነበበት ቀንም ተለክቷል» አሉኝ።

ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ይላክ የነበረው የወር ድምሩ ብቻ ነው። የዕለቱ መዝገብ እንዲመጣ ለአለቃዬ አመለከትኩ። ነዳጅ የለም ተባልኩ፤ ድምሩ ካለ ይበቃል ተባልኩ። ከዚያ ጦርነቱ መንገዱን ዘጋው። መንገዱ ሲከፈት ስሄድ መምህሩ አርፈዋል፤ የትምህርት ቤቱ መጋዘንም ባዶ ነው። ገበያ ውስጥ አንዲት ባለሱቅ ስኳር በወረቀት ስትጠቀልል አየሁ። መስመሩን አወቅሁት፤ የእጅ ጽሑፉንም አወቅሁት። የቀራትን ለመንኳት፣ ሰጠችኝ፤ ከሐምሌ ወር ግማሹ ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ ብዙ ሥራ ሠርቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን ያንገበገበኝ ግን የለም።

የወር ድምር 200 ሚሊ ሜትር ቢለኝ፣ ዝናቡ በአራት ቀን ወርዶ ሌላው ቀን ሐሩር ነበር ወይስ በየቀኑ መሬቱን ሲያረጥብ ከረመ? ድምሩ አይነግረኝም። ገበሬው ግን የሚኖረው ወይም የሚራበው በዚያ ልዩነት ነው።

ሳተላይት ዝናብን እንደ መሬት መለኪያ በቀጥታ አይለካም። በአብዛኛው የዳመናውን አናት ቅዝቃዜ ያይና ይገምታል፤ ግምቱን የሚያርመው መሬት ላይ ያለው መለኪያ ነው። የዛሬ ልጆች ይህን ታውቁታላችሁ፤ ስትጽፉ ግን ትረሱታላችሁ። ፈጣኖች ናችሁ፣ ከእኛም ትበልጣላችሁ፤ ትዕግሥታችሁ ግን ያሳስበኛል። ሶፍትዌሩ በአንድ ሌሊት በቁጥሮች መካከል ሺህ ዝምድና አውጥቶ ሲሰጣችሁ ትልቁን መርጣችሁ ግኝት ትሉታላችሁ። ዎከር በ1914 ስለዚሁ አስጠንቅቋል፤ ብዙ ከሞከርክ ከሁሉ የበለጠው ቁጥር በአጋጣሚም ሊወጣ ስለሚችል መስፈርትህን ከፍ አድርግ ነው ነገሩ።

መዝገብን እመኑ እያልኩ አሁን ደግሞ መዝገብ ብቻውን አይበቃም ልላችሁ ነው። የዎከር ቀመሮች አንዳንዶቹ ዓመታት ሲያልፉ ደከሙ። ምክንያቱን ሊያስረዳ ባለመቻሉም በ1958 ሲሞት ሥራው የትም አልደረሰም የሚሉ ነበሩ። በ1969 የሜትሮሎጂ ሊቁ ጃኮብ ብየርክነስ ውዝዋዜውን ከፓስፊክ ባሕር ሙቀት ጋር አገናኝቶ፣ በምዕራብ በኩል የሚወጣውንና በምሥራቅ የሚወርደውን አየር «የዎከር ዑደት» አለው። ዛሬ ኤልኒኞ፣ ማለትም የምሥራቅና የመካከለኛው ፓስፊክ ባሕር ከወትሮው በላይ መሞቅ፣ ሲመጣ የሰሜንና የመካከለኛው ደጋችን ክረምት እንደሚደክም፣ ከመስከረም በኋላ ያለው የደቡብና የደቡብ ምሥራቅ ዝናብ ደግሞ እንደሚበረታ የምንናገረው ይህን ይዘን ነው። በእኛ አቆጣጠር የ2007ን ክረምት ታስታውሳላችሁ፤ ከ10 ሚሊዮን የሚበልጥ ወገናችን የምግብ እርዳታ ፈላጊ ሆኗል።

ለጠየቅሽኝ ልጅ፦ በያዝሽው መረጃ ሥሪ፣ አልከለክልሽም። ግን ከምታጠኚው ወረዳ ቢያንስ አንዱን ጣቢያ ሄደሽ እዪ። የዕለት መዝገቡ ካለ በስልክሽ ፎቶ አንሺው፤ ኅዳጉን አትቁረጪ። ባዶ ቦታ ካገኘሽ በዜሮ አትሙዪው፤ ታዛቢው በሕይወት ካሉ ጠይቂያቸው።