ጥያቄና መልስ፦ የጊታሩ ቅርጽ የማን ነው?

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች በአንድ ጉዳይ ላይ ያተኮሩ ናቸው፤ የታወቁ የኤሌክትሪክ ጊታር ቅርጾችን አስመስሎ መሥራት እስከ ምን ድረስ ይፈቀዳል? ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጊታር ሠርቼ አሜሪካ ውስጥ ልሸጥ ነው። ቦዲው (ዋናው አካሉ) የስትራቶካስተር ቅርጽ ቢኖረው፣ ስትራቶካስተርን የሚሠራው ኩባንያ ፌንደር ይከሰኛል?

መልስ፦ አሜሪካ ውስጥ፣ በቦዲው ቅርጽ ብቻ ከሆነ ስጋትዎ ትንሽ ነው። ፌንደር በ2003 የስትራቶካስተርን፣ የቴሌካስተርንና የፕሪሲዥን ቤዝን የቦዲ ቅርጽ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመልክቶ ነበር። 17 ተቃዋሚዎች ተነሡበት፤ የአሜሪካ የንግድ ምልክት ይግባኝ ቦርድም በመጋቢት 2009 ማመልከቻዎቹን ውድቅ አደረገ።

ምክንያቱን መረዳት ለሥራዎ ይጠቅማል። የንግድ ምልክት ተግባሩ ገዢው ዕቃውን ባየ ጊዜ «ይህ የእገሌ ነው» እንዲል ማስቻል ነው። ስትራቶካስተር ገበያ የወጣው በ1954 ነው። ማመልከቻው እስኪገባ ግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ አልፏል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ሌሎች ፋብሪካዎች ያንኑ ባለ ሁለት ቀንድ ቦዲ ሲሠሩና በየስማቸው ሲሸጡ ኖረዋል። ቦርዱ በውሳኔው ላይ እንዳሰፈረው፣ አንድ መዝገበ ቃላት ኤሌክትሪክ ጊታር ምን እንደሚመስል ለማሳየት የሣለው ይህንኑ ቅርጽ ነበር። ቅርጹ የኔ ብቻ ነው ለሚል ወገን ከዚህ የከፋ ማስረጃ የለም።

አደጋው ያለው ሌላኛው ጫፍ ላይ ነው፤ መቃኛዎቹ በሚገጠሙበት ሄድስቶክ ላይ። የፌንደር የሄድስቶክ ቅርጾች የተመዘገቡ ናቸው። ስትራቶካስተር፣ ስትራት፣ ቴሌካስተርና ቴሌ የሚሉት ስሞችም እንዲሁ። ስድስቱ መቃኛዎች በአንድ ወገን መደርደራቸው አያስከስስም፤ የተጠበቀው የእንጨቱ ጠርዝ የሚሠራው መስመር ነው። ስለዚህ ያንን መስመር ራስዎ ይንደፉት፤ አንድ ኩርባ ብቻ ለወጥ አድርጎ መቁረጥ አይበቃም። ማስታወቂያዎ ላይም «ስትራት» ከማለት «ኤስ ታይፕ» ማለት ይሻላል። ከፌንደር ፈቃድ ያለው ሠሪ ያመረተውን ኔክ (የጊታሩን አንገት) ገዝተው ለመግጠም ካሰቡ፣ ፈቃዱ የተሰጠው ለኔክ ሠሪው እንጂ ለእርስዎ እንዳልሆነ አይርሱ። በዚያ ኔክ አዲስ ጊታር ገጥሞ በራስ ስም መሸጥ ይፈቀድ እንደሆነ ሻጩን በጽሑፍ ይጠይቁና መልሱን ያስቀምጡ።

ወደ አውሮፓ ለመላክ ካሰቡ ግን እስካሁን ያልነው አይበቃም። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2019 ኮፌሜል በተባለው ጉዳይ፣ ለአገልግሎት የተሠራ ዕቃ ንድፍም የሠሪው የራሱ ፈጠራ እስከሆነ ድረስ በቅጂ መብት ሊጠበቅ እንደሚችል ወስኗል። የቅጂ መብት ደግሞ እንደ ንግድ ምልክት ቅርጹ በብዙዎች እጅ ስለገባ ብቻ አይከስምም፤ ፈጣሪው ከሞተ በኋላ 70 ዓመት ይቆያል። ሊዮ ፌንደር የሞተው በ1991 ነው። ስሌቱን ሠርተው ሲያዩት አንድ ሕግ ዐዋቂ ሳያማክሩ ጭነት መላክ እንደማያዋጣ ይገባዎታል።

ጥያቄ፦ አንድ ሻጭ «ሎውሱት (ክስ የቀረበበት) ጊታር ነው» እያለ የጊብሰን ሌስ ፖል ጊታርን የጃፓን ቅጂ በውድ ዋጋ አቀረበልኝ። እውነት የተከሰሰ ጊታር ነው?

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። ቃሉን ያመጣው አንድ ክስ ነው፤ የጊታር ሠሪው የጊብሰን ባለቤት የነበረው ኖርሊን በ1977 ፊላደልፊያ ውስጥ፣ የጃፓኑን የኢባኔዝ ጊታሮች አሜሪካ ውስጥ ያከፋፍል የነበረውን ኤልገርን ከሰሰ። ክርክሩ የተገለጠ መጽሐፍ በሚመስለው የጊብሰን ሄድስቶክ ላይ እንጂ በቦዲው ላይ አልነበረም። ኢባኔዝ ክሱ ሳይመጣ በፊት ሄድስቶኩን መለወጥ ጀምሮ ነበር፤ ጉዳዩም ፍርድ ሳይሰጥበት በስምምነት አለቀ። ዛሬ ግን በ1970ዎቹ ጃፓን ውስጥ የተሠራ ማንኛውም ቅጂ ይህ ስም ይለጠፍበታል።

ጊታሩን ገልብጠው ኔኩና ቦዲው የሚጋጠሙበትን ቦታ ይዩ። እውነተኛው ሌስ ፖል ኔኩ በሙጫ የተጣበቀ ነው፤ ከዚያ ዘመን ቅጂዎች ብዙዎቹ ግን አራት ብሎን የያዘ የብረት ሳህን አላቸው። ብሎን መኖሩ ጊታሩን መጥፎ አያደርገውም፤ ዋጋው ላይ ግን ሊታሰብ ይገባል። ለኔኩ ቀጥታነት፣ ለፍሬቶቹ (በኔኩ ላይ ላሉት የብረት መስመሮች) ቁመትና ለፒክአፖቹ (የክሮቹን ንዝረት ለሚቀበሉት) ይክፈሉ፤ ለክሱ ታሪክ አይክፈሉ።

ጥያቄ፦ ፒአርኤስ የተባለው ጊታር ሠሪ ጊብሰንን በፍርድ ቤት ረትቷል ሲባል እሰማለሁ። ታዲያ የሌስ ፖል ቅርጽ ነፃ ሆነ ማለት ነው?

መልስ፦ አልሆነም፤ በተደጋጋሚ የምናየው ስህተት ይህ ነው። ጊብሰን የሌስ ፖልን ቅርጽ በ1993 አስመዝግቧል። ፒአርኤስ በ2000 ሲንግልከት የተባለውን ጊታር ሲያወጣ ተከሰሰ፤ በ2004 ተረታና ጊታሩን እንዳይሠራ ታገደ። በ2005 ግን ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሻረ። ጊብሰን ራሱ፣ ሱቅ ውስጥ ጊታሩን የሚገዛ ሰው ሁለቱን እንደማያምታታ አምኖ ነበር። የቀረው ክርክሩ ጭስ በሞላው መጠጥ ቤት ውስጥ ከሩቅ ያየ ሰው ይሳሳታል የሚል ነበር። ፍርድ ቤቱ ይህን አልተቀበለም፤ በቂ ርቀት ካለ በሕጋዊ መንገድ የሚፎካከሩ ብዙ ዕቃዎች ይመሳሰላሉና። ፒአርኤስ የረታው ገዢ ስላልተሳሳተ ነው። ቅርጹ የወል ነው የሚል ፍርድ አልተሰጠም፤ የጊብሰን ምዝገባም አልተሰረዘም።

ጥያቄ፦ በቪ ፊደል ቅርጽ የተሠራው የጊብሰን ጊታር፣ የፍላይንግ ቪ ጉዳይስ?

መልስ፦ እንደ አገሩ ይለያያል። ጊታሩ የወጣው በ1958 ነው። ጊብሰን አውሮፓ ውስጥ ቅርጹን ለማስመዝገብ ያመለከተው በ2010 ሲሆን የአውሮፓ ኅብረት ጠቅላላ ፍርድ ቤት በሰኔ 2019 ምዝገባው እንደማይጸና ወሰነ። ቅርጹ በወጣበት ጊዜ እጅግ አዲስ ነበር፤ ማመልከቻው በገባበት ጊዜ ግን ገበያው በልዩ ልዩ ቅርጾች ተሞልቶ ስለነበር ገዢው እንደ አንድ ሠሪ መለያ አያየውም።

በዚያው 2019 ጊብሰን የዲን ጊታሮችን ባለቤት ቴክሳስ ውስጥ ከሰሰ። በ2022 ጁሪው (ከሕዝብ የተመረጡ ፈራጆች) በፍላይንግ ቪ፣ እንዲሁም ኤክስፕሎረርና ኤስጂ በተባሉት የጊብሰን ሞዴሎች ቅርጾች ለጊብሰን ፈረደ፤ ኢኤስ የተባለውን ሞዴል ቅርጽ ግን የወል ነው አለ። ጁሪው የወሰነው ካሳ 4,000 ዶላር ነበር። በ2024 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ጉዳዩ እንደገና እንዲሰማ አዘዘ፤ ከ1992 በፊት ሌሎች ሠሪዎች እነዚህን ቅርጾች ይጠቀሙ እንደነበር የሚያሳየውን ማስረጃ ጁሪው እንዳያይ ተደርጎ ስለነበር።

ይህ ለጊታር ሠሪ ትልቅ ትምህርት አለው። የድሮ ካታሎግ፣ የመጽሔት ማስታወቂያ፣ የዋጋ ዝርዝር ካለዎት አይጣሉ። ቀን ያለበትን ገጽ ከሽፋኑ ጋር ስካን ያድርጉ፤ ቀን የሌለው የጊታር ፎቶ ብዙ አይረዳም።

ጥያቄ፦ ለራሴ በሠራሁት ጊታር ላይ የጊብሰንን ስም ብለጥፍ ምን አለበት?

መልስ፦ አይለጥፉ። ቤትዎ እያለ ማንም ላያይብዎት ይችላል፤ በተሸጠ ወይም ድንበር በተሻገረ ቀን ግን ሐሰተኛ ዕቃ ነው። የአሜሪካ ጉምሩክ በ2024 ሎስ አንጀለስ ላይ ከ3,000 በላይ የጊብሰን ስም የያዙ ሐሰተኛ ጊታሮችን መያዙን አስታውቋል።

ጥያቄ፦ ሥራ ከመጀመሬ በፊት ምን ልፈትሽ? የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ቢመጣብኝስ?

መልስ፦ የአሜሪካንና የአውሮፓ ኅብረትን የንግድ ምልክት መዝገቦች በነፃ መፈለግ ይቻላል። የሙዚቃ መሣሪያ የሚመዘገበው በ15ኛው ምድብ ነው። በስም ብቻ አይፈልጉ፤ ቅርጽ ስም ስለሌለው በባለቤቱ ስም ገብተው ሥዕሎቹን አንድ በአንድ ይዩ። ምዝገባው በሥራ ላይ መሆኑን፣ ቦዲውን ይሁን ሄድስቶኩን እንደሚሸፍን ይለዩ። የሌላ ሰው ማመልከቻ ለተቃውሞ ታትሞ ካገኙ አሜሪካ ውስጥ 30 ቀን፣ በአውሮፓ ኅብረት 3 ወር አለዎት።

ደብዳቤ ሲደርስዎ የምዝገባ ቁጥሩን፣ አገሩንና የጠቀሰውን ሞዴል ይመዝግቡ፤ ቁጥሩን መዝገቡ ላይ ያረጋግጡ። የሰጠዎትን የጊዜ ገደብ አያሳልፉ፤ ግን በንዴት በዚያው ቀን አይመልሱ፤ «ቅርጹን የወሰድኩት ከእናንተ ነው» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር በኋላ ማስረጃ ሆኖ ይቀርብብዎታል። ክርክሩ በሄድስቶኩ ላይ ከሆነና ጊታሮቹ ገና ካልተሸጡ ጠርዙን እንደገና መቁረጥ ከማንኛውም ክርክር ይረክሳል። መቃኛዎቹን ይፍቱ፣ አዲሱን መስመር በቴምፕሌት (በቅርጽ መለኪያ) ያስምሩ፤ ከመቃኛ ቀዳዳዎቹ ጠርዝ ቢያንስ 6 ሚሊ ሜትር እንጨት ይተዉ። ከዚያ ያነሰ ከሆነ እንጨቱ በጭረቱ በኩል ይሰነጠቃል።