ኪሴ ውስጥ የቀረችው ወረቀት

ፒያሳ የድሮ ቤቶቿ ከፈረሱ ወዲህ የምቀመጥበት ቦታ ጠፍቶብኝ አራት ኪሎ ተሰድጃለሁ። ባለፈው ሳምንት ማኪያቶዬን ይዤ እንደተቀመጥኩ አንድ ልጅ መጣ። ሴራሚክ አንጣፊ ነው፤ 29 ዓመቱ። ቴክኒክና ሙያ ገብቶ መማር አምሮታል። «ጋሼ፣ ፊደል የሚገለባበጥበት ሰው ሂሳብ ይገባዋል?» አለኝ። «እንዴታ» አልኩና ወሬ ቀየርኩ። ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

በ1987 ዓ.ም. ሜክሲኮ አካባቢ በሚሠራ አንድ ፎቅ ላይ ፎርማን ነበርኩ። ማትሪክ ላይ ሂሳብ ወድቄ ነው ሥራ የገባሁት። ግድግዳ መዝመሙን በዓይኔ አይቼ እናገራለሁ። ወረቀት ግን ጠላቴ ነው። ቁጥር ስጽፍ ቦታ ይለዋወጥብኛል። ሚስቴ እንኳ አታውቅም ነበር።

አንድ ማክሰኞ የኮለን፣ ማለትም የቋሚው ምሶሶ፣ ፌሮ የሚቆረጥበትን ልክ ጻፍኩ። ልኩ 3.92 ሜትር ነው። እኔ 3.29 ብዬ ጻፍኩት። ፌራዮው፣ ፌሮ ቆራጩ፣ በዕድሜ የሚበልጠኝ፣ ዝምተኛ ሰው ነበር። ወረቀቷን ይዞ መጣ።

«አለቃ፣ ይቺ ነገር ልክ ናት? ባለ 12 ሜትሩን ለሦስት ስቆርጠው ሁለት ሜትር ከምናምን ይተርፈኛል። ብክነት አይሆንም?»

በቃሉ ነው ያሰላው። በ3.92 ቢቆረጥ ኖሮ የምትተርፈው 24 ሳንቲም ብቻ ናት። ሰውየው ስህተቴን እጁ ላይ ይዞልኝ መጥቶ ነበር። እኔ ደግሞ ወረቀቷን ደግሜ ማየት ፈራሁ። ሰው ፊት ቆሜ ቁጥር ማንበብ ሞቴ ነው። «የተጻፈውን ቁረጥ!» አልኩት፤ ጮክ ብዬ፣ ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ።

60 ቁራጭ ተቆረጠ። እያንዳንዱ 63 ሳንቲም ያጥራል። በማግስቱ መሐንዲሱ አይቶ ጮኸ። ማን ነው ሲል፣ «ፌራዮው ተሳስቶ ነው» አልኩ። ወረቀቷ ኪሴ ውስጥ ነበረች። ሰውየው አልተከራከረም። አንዴ ኪሴን አየ፤ ከዚያ አቀረቀረ። ቅዳሜ ሂሳቡን ተቀብሎ፣ ጉጠቱን በጋዜጣ ጠቅልሎ ሄደ።

በኋላ ፈልጌዋለሁ። ጠዋት ጠዋት የቀን ሠራተኛ የሚቆምባቸውን ቦታዎች ዞርኩ፤ ልደታ፣ ተክለ ሃይማኖት። አላገኘሁትም።

የማታ ትምህርት የገባሁት በ1992 ነው፤ በ38 ዓመቴ። ከኋላዬ የምትቀመጠው ተማሪ ልጄ ልትሆን ትችል ነበር። መብራት በጠፋ ቁጥር ደስ ይለኛል፤ ሰሌዳው አይታይማ። አንድ ማታ መምህሩ 3፣ 4፣ 5 ብሎ ጻፈ። ፓይታጎረስ ነው አለ። እኔ እኮ በሲባጎ ስንት ቤት ማዕዘን አስገብቻለሁ! በዚህ 3 ሜትር፣ በዚያ 4፣ አግድሙ 5 ከመጣ ስኳድራው፣ ቀጤ ማዕዘኑ፣ ልክ ነው። 15 ዓመት ሙሉ ጂኦሜትሪ ስሠራ ኖሬ «ሂሳብ አልችልም» እል ነበር። ሳቄ መጣ። መምህሩ በሱ የሳቅኩ መስሎት ተቆጣ።

ዲስሌክሲያ የሚለውን ቃል፣ ማንበብና መጻፍ የሚያስቸግረውን ነገር ስም፣ የሰማሁት ከዚያም በኋላ ነው፤ የእህቴ ልጅ ማንበብ አቅቶት ሲመረመር። በዘር ሊሄድ ይችላል አሉን። እህቴ ዞር ብላ አየችኝ። እ.ኤ.አ. በ1896 ፕሪንግል ሞርጋን የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ስለ አንድ የ14 ዓመት ልጅ ጽፏል። ልጁ ቀላል ቃል ማንበብ አይሆንለትም። 749 ሲባዛ በ867 ስጡት፣ ቶሎ ሠርቶ ልክ ያመጣል። ያው ልጅ 4 ሲባዛ በግማሽ አቃተው። ሰነፍ ነው ትሉታላችሁ?

በርቱ፣ አንብቡ ምናምን አልላችሁም፤ ይሄን ሁሉም ይላችኋል። መስመሩ ሳጥን ሳጥን የሆነ ደብተር ግዙ። በአንድ ሳጥን አንድ ቁጥር ብቻ። የጻፋችሁትን ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡት፤ ዓይን የሸወደውን ጆሮ ይይዘዋል። ስታስቡ በአማርኛ አስቡ። «አስራ ሦስት» እና «ሠላሳ» አይምታቱም፤ የእንግሊዝኛዎቹ ተርቲንና ተርቲ ግን ስንት ጊዜ ጉድ ሠርተውኛል። የማባዛት ሰንጠረዥ ሸምድዱም አልልም። ሰባት ጊዜ ስምንት ዛሬም አይመጣልኝም። አምስት ጊዜ ስምንት 40፣ ሁለት ጊዜ ስምንት 16፣ ሲደመር 56። ትንሽ ይረዝማል፤ ግን ያደርሰኛል።

የዘንድሮ ልጆች ግን ታናድዱኛላችሁ። 12 ሲደመር 9 ለማለት ስልክ ታወጣላችሁ! ጭንቅላታችሁን ለማን አስቀመጣችሁት? እኔም ብሆን ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከላይ ያለችውን 63 ሳንቲም በስልኬ አረጋግጫለሁ። ሁለቴ።

ልጁን ሐሙስ ቀጥሬዋለሁ። ደብተሩን ገዝቼለታለሁ፤ ባለ ሳጥኑን። ያቺ ወረቀት እስካሁን አለች፤ እጥፋቷ ላይ ልትቀደድ ደርሳለች። እሷንም ይዤ እወጣለሁ። ያን ቀን ወሬ የቀየርኩት በሷ ምክንያት መሆኑን አልነገርኩትም።