የመርሳት በሽታ ያለበት ሰው ቤትና የመብራት ወጪ፦ ጥያቄና መልስ ከድሬዳዋ

እንደምን አመሻችሁ። ቃል በገባሁት መሠረት ዛሬ ማታ ጥያቄያችሁን እቀበላለሁ። ከጥያቄው ፊት ያለው ስም የጠያቂው ሰፈር ወይም ከተማ ነው። ሥራዬ ኤሌክትሪክ ነው። ድሬ ላይ የቤት መስመር ስዘረጋ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል። እናቴን ደግሞ በመርሳት በሽታ ስድስት ዓመት አስታምሜያታለሁ። ሐኪም አይደለሁም፤ ስለ መድኃኒት አትጠይቁኝ። ከመጀመራችን በፊት አንድ ልመና አለኝ። «ጃጀ»፣ «ጃጀች» አትበሉ። ታመመ፣ ታመመች በሉ።

የሳቢያን ልጅ፦ ጋሼ፣ እናቴ አልዛይመር አለባት። ከታመመች ወዲህ ቢላችን እጥፍ ሆኗል። ቀኑን ሙሉ ቬንትሌተር ስለሚዞር ይመስለኛል። ላጥፋው?

መልስ፦ እንዳትነኪው የኔ ልጅ። ቬንትሌተር የሚወስደው 60 ዋት አካባቢ ነው። የእንጀራ ምጣድ ግን 3,500 ዋት አካባቢ ይጎትታል። አንድ ሰዓት በጋገርሽበት ኃይል ቬንትሌተሩ ሁለት ቀን ከነሌሊቱ ይዞራል። በዚያ ላይ ይህ በሽታ ያለበት ሰው ጠማኝ፣ ሞቀኝ ማለት ይረሳል። በግንቦት ሙቀት ሹራብ ደርቦ ቁጭ ይላል። ውኃውን አንቺ አስታውሺያት፣ ቬንትሌተሩም ይዙር።

ቢሉን እጥፍ ያደረገው ሌላ ነገር ነው። ተረስቶ የሚውለውን ፈልጊ። ስቶቭ፣ ካውያ፣ ቦይለር። እኛ ቤት ስቶቩ ነበር። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ጀበናው ባዶውን ተጥዷል። አንገቱ ድረስ ተሰንጥቋል። የስቶቩ ሽቦ ፍም መስሏል። እናቴ አጠገቡ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ሲኒ ታጥባለች። «ዛሬስ ቡናው አልፈላም አለ» አለችኝ። በማግስቱ የስቶቩንና የምጣዱን መስመር ለየሁት። የየራሳቸውን ብሬከር፣ ማለትም መስመሩን የሚቆርጥ ማጥፊያ፣ ሰጠኋቸው። ሳጥኑን ከበሩ ውጭ ከፍ አድርጌ ሰቀልኩት። ስንሠራ እንከፍታለን፣ ስንጨርስ እንዘጋለን። እሷ ማብሪያውን ብታዞረውም ስቶቩ አይግልም። ቢሉም ወረደ፣ እኔም ሥራ ቦታ ተረጋግቼ መዋል ጀመርኩ።

ታሪፉ በእርከን መሆኑንም አትርሱ። በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ዝቅተኛው ዋጋ ነው፣ ከ500 በላይ ደግሞ ከፍተኛው። ከመስከረም 2017 ወዲህ ዋጋው በየሦስት ወሩ እየጨመረ ነው የመጣው። አምና ችላ ያላችሁት የተረሳ ስቶቭ ዘንድሮ ይጎዳል። መስመር መለየት ግን የባለሙያ ሥራ ነው። ራሳችሁ እንዳትሞክሩት።

ከቀፊራ፦ አባቴ ማታ መብራት ሲጠፋ ይጮኻል። ሌሊቱን ሙሉ እናበራለታለን። ወጪው አሳሰበን።

መልስ፦ አብሩለት። ሲመሽ ግራ መጋባቱ የሚብስባቸው ብዙ ናቸው። ጨለማ ደግሞ ያስፈራቸዋል። አምፖሉን ብቻ ቀይሩት። ባለ 5 ዋት ኤልኢዲ 12 ሰዓት ቢበራ በወር 1.8 ኪሎዋት ሰዓት ነው። የግማሽ ሰዓት ጋገራ ማለት ነው። አባትህ በጨለማ ሽንት ቤት ሲፈልጉ ወድቀው ዳሌያቸው ቢሰበር የሚወጣውን አስብ። ከአልጋው እስከ ሽንት ቤቱ ያለው መንገድ ይብራ።

ገንደ ቆሬ፦ መንግሥት ለዚህ በሽታ የመብራት ቅናሽ ይሰጣል?

መልስ፦ ለዚህ በሽታ ተብሎ የተለየ ቅናሽ የለም። አቅም የሌለው ቤተሰብ የከተማ ሴፍቲኔትን፣ ማለትም ድሃ ቤተሰቦችን የሚደግፈውን ፕሮግራም፣ ይጠይቅ። መጀመሪያ ሲጀመር በ11 ከተሞች ነበር፤ ድሬዳዋም ሐረርም ነበሩበት። መሥራት ለማይችሉ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ቀጥታ ድጋፍ የሚባል አለው። መነሻው ቀበሌ ነው። የሐኪም ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ።

ሐረር ጁገል፦ እኛ ጋ ቬንትሌተርም አያስፈልግም። የጌይ ጋር፣ የባህላዊው የሐረሪ ቤት፣ ግድግዳ ድንጋይ ነው፣ ወፍራም ነው። ቀን ቀን ይቀዘቅዛል።

ለገሃሬ፦ አቦ ተወን! የከዚራን የድሮ የባቡር ቤቶች አይተሃል? ጣሪያቸው ከፍ ያለ፣ በረንዳቸው ሰፊ።

ሐረር ጁገል፦ እሱን ፈረንሳይ ነው የሠራው። የኛን አያቶቻችን ናቸው።

ለገሃሬ፦ ማንም ይሥራው፣ ይቀዘቅዛል ወይ ነው ጥያቄው።

መልስ፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፤ እዚህ ላይ ይብቃ። አብዛኛው ሰው የሚኖረው ቆርቆሮ ሥር ነው። ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ቤት ከሰዓት በኋላ ምድጃ ነው። ገንዘብ ካገኛችሁ ቤቱን ሁሉ ትታችሁ የታማሚውን ክፍል ብቻ ኮርኒስ አስመቱ። ፀሐይ የሚመታውን መስኮት ቀን ቀን መጋረጃ ጣሉበት፣ ሲመሽ ክፈቱት።

ሐረር ጁገል፦ እሺ ጋሼ። የኛ ችግር ኅዳርና ታኅሣሥ ነው። ሌሊት ይበርዳል። ለአያቴ ማንደጃ እናስገባላታለን፣ ከመብራት ይረክሳል።

መልስ፦ ዛሬውኑ አውጡት! ከሰል በተዘጋ ክፍል ይገድላል። የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም። ጤነኛ ሰው ራሴን አመመኝ ብሎ በር ይከፍታል። አያትህ ያንን ለይተው መናገር አይችሉም። ግራ መጋባቱን ብታዩም በሽታው ባሰበት ትላላችሁ። ጋቢ ደርቡላቸው፣ ካልሲ አድርጉላቸው፣ ሙቅ ውኃ በውኃ መያዣ ላስቲክ አድርጋችሁ በፎጣ ጠቅልላችሁ እግራቸው ሥር አኑሩ። ከሰል አይግባ።

ነምበር ዋን፦ ቢል በዛብን፣ ምን ይሻላል?

መልስ፦ ምን ያህል? ምን ምን አላችሁ? ማን ነው የታመመው? እንዲህ ተጠይቆ መልስ የለም። የቆጣሪውን ንባብ ቢሉ ላይ ካለው ጋር አስተያይ። ካልተገናኘ ወደ ኤሌክትሪክ አገልግሎት 905 ደውል።

አዲስ አበባ ያለሁ፦ አባቴ ድሬ ብቻውን ነው የሚኖረው። ቢል መክፈል ይረሳል። ሁለቴ ተቆረጠበት።

መልስ፦ ቢል ከሆነ በደንበኛ ቁጥሩ ከአዲስ አበባ ሆነሽ በቴሌብር ትከፍያለሽ። ስልክሽ ላይ ማስታወሻ ያዢ። ካርድ ቆጣሪ ከሆነ ሲያልቅ ማንም በር አያንኳኳም፣ ዝም ብሎ ይጠፋል። ጎረቤት በየሳምንቱ ቀሪውን ይይልሽ። ሌላው፣ «ከመብራት ነው የመጣሁት፣ ቆጣሪ ላስተካክል» የሚል ሰው በእጁ ብር እንዳይቀበላቸው። የእናቴን መቀነት ሁለት ጊዜ ያስፈቱት እንዲህ ብለው ነው።

ከሩቅ ያለች፦ ሐረር ነው የተወለድኩት። እናቴ ለንደን አብራኝ ናት፣ በሽታው አለባት። ለጋዝና መብራት እርዳታ አለ ይላሉ።

መልስ፦ አለ። የእህቴ ልጅ ስትጨርሰው አብሬያት ስለነበርኩ አውቀዋለሁ። መጀመሪያ አቴንዳንስ አሎዋንስ ጠይቂላት። የጡረታ ዕድሜ ላይ ለደረሰና እንክብካቤ ለሚያስፈልገው ሰው ነው። ገቢ አያይም። እሱን ካገኘች በኋላ ፔንሽን ክሬዲት፣ ማለትም ገቢው ዝቅ ላለ ጡረተኛ የሚሰጠው ድጎማ፣ እንዳላት አጣሪ። ፔንሽን ክሬዲት ያለው ሰው ዋርም ሆም ዲስካውንት ያገኛል፤ 150 ፓውንድ ከመብራት ሂሳቧ ላይ ይቀነሳል። ፕራዮሪቲ ሰርቪስስ ሬጅስተር የሚባል፣ የተለየ እገዛ የሚያስፈልጋቸው ደንበኞች የሚመዘገቡበት መዝገብም አለ፣ በነፃ ነው። መብራት ሊቋረጥ ሲል አስቀድመው ይነግሩሻል። ሠራተኛ ሲመጣ የሚናገረው የይለፍ ቃል ይሰጣሉ። ቢሉም ወደ አንቺ እንዲላክ ማድረግ ትችያለሽ።

አዲስ ከተማ፦ ጋሼ፣ መንግሥት ቅናሽ አለው?

መልስ፦ ተመልሷል። ወደ ላይ ተመልከት።

ደቻቱ፦ ለእንቅልፍ የሚሆን ክኒን...

መልስ፦ ስለ መድኃኒት አትጠይቁኝ አልኩ እኮ፤ ሐኪም ጠይቁ። ከሰል ግን አሁንም እደግመዋለሁ፣ ክፍል ውስጥ አይግባ።

ከዚራ፦ የመጨረሻ ጥያቄ ትሁንልኝ። እናቴ ማታ ማታ ፍሪጁን ትነቅላለች። ጠዋት ስንነሳ ሥጋው ተበላሽቷል። ብንቆጣትም አልሆነም።

መልስ፦ አትቆጧት። ዕድሜ ልኳን መብራት ሳታጠፋ ተኝታ አታውቅም። ቤቱን እየጠበቀችላችሁ ነው። የኔም እናት ትነቅል ነበር። የፍሪጁን ሶኬት ወደ ጀርባው አዛወርኩት፣ እንዳይታያት። በፊተኛው ቦታ መስመር ያልገባበት ባዶ ሶኬት ገጠምኩ። የተበላሸ ሬዲዮ ገመድ ሰካሁበት። ማታ እሱን ነቅላ «አጥፍቻለሁ፣ ተኛ» ትለኛለች። ጠዋት ሳትነሳ መልሼ እሰካዋለሁ።