የመረማመጃ ድንጋይ ሞዴል፦ ስለ ፍልሰትና ዘረመል ለተነሡ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ስለ ዝርያዎች መሠራጨትና ስለ ዘረመል ልዩነት ከላካችኋቸው ጥያቄዎች ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ መምህር፣ የመረማመጃ ድንጋይ ሞዴል ከራይት የደሴት ሞዴል በምን ይለያል? ሁሌም ያምታታኛል።

መልስ፦ እንግዳው ከየት ይመጣል የሚለውን ከያዙ አያምታታዎትም። አሜሪካዊው የዘረመል ሊቅ ሴዋል ራይት በ1931 ባቀረበው የደሴት ሞዴል እያንዳንዱ ሰፈር (በአንድ ቦታ አብሮ የሚኖርና የሚራባ የአንድ ዝርያ ቡድን ማለቴ ነው) ከሌሎቹ ሁሉ በእኩል ዕድል እንግዳ ይቀበላል፤ ርቀት ቦታ የለውም። ጃፓናዊው ሞቶ ኪሙራ በ1953 ያቀረበው፣ በ1964 ከሒሳብ ሊቁ ጆርጅ ዋይስ ጋር ያብራራው ሞዴል ግን በአንድ ትውልድ የሚደረስበት ጎረቤት ሰፈር ብቻ ነው ብሎ ይነሣል። ወንዝ የሚሻገር ሰው ድንጋይ ሳይዘል እየረገጠ እንደሚያልፍ፣ አንድ የዘረመል ዓይነትም ከዳር እስከ ዳር ለመድረስ በመካከል ያሉትን ሰፈሮች ሁሉ ማለፍ አለበት። በየደረሰበት ሰፈር ደግሞ እንዲያው በዕጣ ሊበዛም ሊጠፋም ይችላል፤ ይህን ድሪፍት እንለዋለን። ድሪፍት ሰፈሮችን ያለያያል፣ ፍልሰት ያቀራርባል። ከሁለቱ ትግል የሚወጣው ውጤት ርቀት በጨመረ ቁጥር መመሳሰል መቀነሱ ነው።

ጥያቄ፦ በቁጥር ቢያሳዩን?

መልስ፦ ደስ ይለኛል። ሰፈሮቹ በአንድ መስመር ተደርድረዋል እንበል። በየትውልዱ ከአንድ ሰፈር 10 በመቶው ወደ ጎረቤት ይሄዳል፤ ግማሹ ወደ ግራ፣ ግማሹ ወደ ቀኝ። ሞዴሉ አልፎ አልፎ ከሩቅ ለሚመጣ እንግዳም ጥቂት ቦታ ይተዋል፤ እሱ ከ10,000 አምስት፣ ማለትም 0.0005 ብቻ ነው። የሩቁን በ2 አባዙት፣ 0.001 ይሆናል። ለ0.1 አካፍሉት፣ 0.01። ካሬ ሥሩ 0.1 ነው። መመሳሰሉ በየእርምጃው ካለው ላይ የሚወርደው በዚህ ልክ፣ ማለትም አንድ አሥረኛ ገደማ ነው፦ በአጠገብ ሰፈሮች መካከል 0.90፣ በ10 እርምጃ ርቀት 0.37 ገደማ፣ በ20 እርምጃ 0.14 ገደማ። የሰፈሩ የነዋሪ ብዛት በዚህ ስሌት ውስጥ አለመግባቱን ልብ በሉ። ብዛቱ የልዩነቱን መጠን ይወስናል እንጂ በርቀት የሚወርድበትን ፍጥነት አይወስንም። ይህ ውጤት እስካሁን ያስደንቀኛል።

ጥያቄ፦ በመስመር ሳይሆን በሜዳ ላይ ከሆነስ?

መልስ፦ ወደ አንድ ቦታ የሚያደርሱ መንገዶች ስለሚበዙ በሰፈሮች መካከል ያለው ልዩነት በጥቅሉ ያንሳል። ፍራንስዋ ሩሴ በ1997 እንዳሳየው፣ በመስመር ላይ ልዩነቱን ከርቀቱ ጋር፣ በሜዳ ላይ ግን ከርቀቱ ሎጋሪዝም ጋር ማነጻጸር ይገባል። መረጃችሁ ከወንዝ ዳር የተሰበሰበ ዓሣ ከሆነ የመጀመሪያውን፣ ከሣር ሜዳ የተሰበሰበ አይጥ ከሆነ ሁለተኛውን ተጠቀሙ።

ጥያቄ፦ ሰፈሮች በዘረመል እንዳይራራቁ «በየትውልዱ አንድ ስደተኛ ይበቃል» የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ በደሴት ሞዴል፣ አዎን፣ በግምት። ከ0 (ምንም ልዩነት የለም) እስከ 1 (ፍጹም የተለያዩ) በሚለካው መጠን ልዩነቱ ወደ 0.2 ይወርዳል። በረጅም ሰንሰለት ላይ ግን ጎረቤቶች ሲመሳሰሉ ሁለቱ ዳሮች በጣም ሊራራቁ ይችላሉ። ደንቡን ሳያገናዝቡ በጥበቃ ዕቅድ ውስጥ የሚያስገቡ ሰዎች ያሳስቡኛል።

ጥያቄ፦ በአገራችን የሚታይ ምሳሌ አለ?

መልስ፦ ቀይ ቀበሮ አለ። ከ500 ያነሱ አዋቂዎች ቀርተዋል፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ናቸው። ሌሎቹ በአርሲ፣ በመንዝ፣ በወሎና በሰሜን ተራሮች ከፍታዎች ላይ ተበታትነዋል። ወንዶቹ በተወለዱበት መንጋ ይቀራሉ፤ ወደ ሁለት ዓመት ሲሞላቸው ቤት ለቀው የሚወጡት በአብዛኛው ሴቶቹ ናቸው። ስለዚህ ዘረመልን ከሰፈር ወደ ሰፈር የምታሻግረው ሴቷ ናት ማለት ይቻላል። አየሩ ቀዝቃዛ በነበረበት የበረዶ ዘመን የደጋው ሣር ምድር ወደ ታች ወርዶ ተራሮቹን ያቀራርብ ነበር፤ ዛሬ በመካከላቸው እርሻና ግጦሽ አለ። በ2004 የወጣ የማይቶኮንድሪያ ዘረመል (ከእናት ብቻ የሚወረሰው) ጥናት አርሲና ባሌን፣ ወሎና ሸዋን፣ ሰሜንና ጉናን በየቡድናቸው አስቀምጧል፤ ጎረቤት ከጎረቤት ጋር። ጮቄና ጎሽ ሜዳ ላይ የነበሩት ግን በቅርብ አሥርተ ዓመታት ጠፍተዋል። ትንሽ ሰፈር ስትጠፋ የጠፉትን እንስሳት ብቻ መቁጠር አይበቃም፤ በእሷ በኩል ያልፍ የነበረው ፍልሰትም አብሮ ይቆማል።

ተቃራኒው ጉዳይም አለ። በ2003 በባሌ ወብ ሸለቆ የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ በሸለቆው የነበሩትን አብዛኞቹን ቀበሮዎች ፈጀ። ባለሙያዎቹ ሁሉንም ለመከተብ ጊዜ አልነበራቸውም። ወብን ከሌሎቹ የባሌ ሰፈሮች ጋር በሚያገናኙት ጠባብ መተላለፊያዎች ያሉትን መርጠው ከተቡ፣ ወረርሽኙም ተገታ። ለዘረመል መንገድ የሆነው ለቫይረሱም መንገድ ስለሆነ፣ መተላለፊያ ለመክፈት የሚያስብ ሰው የውሾችን ክትባት አስቀድሞ ማሰብ አለበት።

ጥያቄ፦ አንድ ጥናት የሰው ልጅ ጉዞን ከአዲስ አበባ ይጀምራል አሉ። ከተማዋ መነሻችን ናት ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ ጥናቱ ግን እውነተኛ ነው። ሶሂኒ ራማቻንድራንና ባልደረቦቿ በ2005 የ53 ሕዝቦችን መረጃ ይዘው ከአዲስ አበባ ያለውን የየብስ ርቀት ለኩ። መንገዱ ሰፊ ባሕር እንዳያቋርጥ በካይሮ፣ በኢስታንቡል፣ በካምቦዲያዋ ፕኖም ፔን፣ በሩቅ ምሥራቅ ሩሲያዋ አናዲርና በካናዳዋ ፕሪንስ ሩፐርት አሳለፉት። ርቀቱ በጨመረ ቁጥር በየሕዝቡ ውስጥ ያለው የዘረመል ብዝኃነት ይቀንሳል፤ ዝቅተኛው በአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ዘንድ ተገኘ። አዲስ አበባ ለምሥራቅ አፍሪካ የተመረጠች የካርታ ነጥብ ናት፤ በመረጃው ውስጥ የኢትዮጵያ ሕዝብ ናሙና እንኳ አልነበረም። በዚህ ጥናት የሚታየው ሂደትም ከኪሙራና ዋይስ ይለያል። እዚያ ፍልሰቱ ወደ ሁለቱም አቅጣጫ ለረጅም ጊዜ የሚቀጥል ነው፤ እዚህ ግን ጥቂት መሥራቾች ከመጨረሻው ሰፈር ተነሥተው አዲስ ይመሠርታሉ፣ ባለፉ ቁጥርም የተወሰነ ብዝኃነት ከኋላቸው ይቀራል።

ጥያቄ፦ የኮምፒውተር ፕሮግራም ናሙናዎቼን በሦስት ቡድን ከፈላቸው። ሦስት የተለያዩ ሕዝቦች ናቸው ልበል?

መልስ፦ ገና ነው። ናሙና የሰበሰቡት ከሰንሰለቱ ሁለት ዳርና ከመካከሉ ብቻ ከሆነ፣ ቀስ በቀስ የሚለወጠው ነገር በሦስት የተቆረጠ ሊመስል ይችላል። መጀመሪያ ልዩነቱን ከርቀት ጋር በግራፍ ያስቀምጡ፤ ከዚያ ባዶ ከቀሩት ቦታዎች ናሙና ይጨምሩ። ድንበሩ ከጠፋ በተፈጥሮ ውስጥ አልነበረም ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ራሴ ልሞክረው ብል በምን ልጀምር?

መልስ፦ ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ካወቁ ኤምኤስፕራይም የሚባለው ነጻ ፕሮግራም የመረማመጃ ድንጋይ ሞዴልን ተዘጋጅቶ ይዞታል። በ10 ሰፈር ይጀምሩ፤ ቀጥሎ አምስተኛውን ቆርጠው ያውጡና ግራፉን እንደገና ያውጡ።